የሕግ ትምህርት በብድር፦ ቅጹ ላይ ያልተጻፈው ሒሳብ

ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋችኋል። ቤት ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ጥሩት፤ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ሒሳብ ልንሠራ ነው።

የምጀምረው ከአዲስ አበባው ልደታ ነው። ጠዋት በልደታ ፍርድ ቤት በር ያለፈ ሰው የማየው አይጠፋውም። በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቤቶች ራፖር ጸሐፊዎች አቤቱታ ይተይባሉ። የፎቶ ኮፒው ማሽን አያርፍም። ባለጉዳዩ የቀጠሮ ወረቀቱን ጨብጦ ችሎቱን ያፈላልጋል። ጠበቃው ካባውን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ በሰዉ መሃል እየሰነጠቀ ያልፋል። ዩኒፎርም የለበሱ የሰፈሩ ልጆችም በዚያው ያልፋሉ፤ ከእነሱ መካከል ካባዋን አይታ "እኔም አንድ ቀን" የምትል ልጅ አትጠፋም። ያቺ ልጅ ቤት ገብታ "ሕግ ላጠና ነው" ስትል እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው "ስንት ይፈጃል?" ብላ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚሰጣት መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎደሎ ነው፤ ዛሬ ያንን ጎደሎ እንሞላለን።

በመጀመሪያ "በብድር መማር" ስንል ብዙዎቻችን ባንክን ብቻ እናስባለን። እዚህ አገር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ተበዳሪ ነው። ተማሪዎቹ "ኮስት ሼሪንግ" የሚሉት የወጪ መጋራት ውል ብድር ነው። ሥርዓቱ የተዘረጋው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና እሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ የገቡ ተማሪዎች እየፈረሙ ገብተዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ሌላ ነበር። በ1956 ዓ.ም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ ተማሪው መኝታውንም ምግቡንም ትምህርቱንም የሚያገኘው ያለ ክፍያ ነበር። ነገር ግን ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነጻ ነበር ለማለት አልደፍርም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ተዘርግቶ፣ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወረደ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ያገለግል ነበር። አገር የሰጠችውን በጉልበትና በጊዜ ይመልስ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ተማሪ የሚመልሰው በብር ነው። ለመምህርነት የሠለጠኑት ግን ዛሬም በአገልግሎት መክፈል ይችላሉ።

ደንቡ ምን ይላል? የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ተማሪው ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያውን ከተመረቀ በኋላ ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት ባለ የእፎይታ ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ይጠናቀቃል። በየዓመቱ መጀመሪያ ቀድሞ ለሚከፍል የ5 በመቶ ቅናሽ አለው። ወለድ የለበትም። ይህችን "ወለድ የለበትም" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። አንዲት የልደታ ኮንዶሚኒየም ልጅ እንውሰድ። ፈተናውን አልፋ በሕግ ክፍል ወደ አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው። ይህን አትርሱ። ከብዙው የትምህርት ክፍል ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ወጪም በአምስት ይባዛል።

ከምግቡ እንጀምር። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር። ቆይቶ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 100 ብር አደገ። በካፌው ሰልፍ የቆመ ተማሪ በ22 ብር ምን ይበላ እንደነበር ያውቃልና መጨመሩ ተገቢ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ደንቡ ግን "ምግብ ሙሉ በሙሉ በተማሪው" ስለሚል፣ የሳህኑ መሻሻል የዕዳው መክበድ ጭምር ነው። አሥር ወር፣ ማለትም 300 ቀን እንያዝ። በ22 ብር ሒሳብ በዓመት 6,600 ብር፣ በአምስት ዓመት 33,000 ብር ይመጣ ነበር። በ100 ብር በዓመት 30,000፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይመጣል። ጻፉት፤ 150,000።

መኝታውንና የትምህርቱን ድርሻ ለምሳሌ ያህል በዓመት 5,000 ብር ልያዘው፤ የየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፣ ቁጥሩን ከሬጅስትራር ትጠይቃላችሁ። በአምስት ዓመት 25,000 ይሆናል። ከምግቡ ጋር ሲደመር ልጅቷ በኮስት ሼሪንግ ቅጽ ላይ የምትፈርምበት ዕዳ 175,000 ብር ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግቶ "ለዲግሪ ይህችማ ምን አላት" ይላል። እኛ ግን አንዘጋም።

ልጅቷ ከልደታ ተነስታ ወደ ክልል ከተማ ስትሄድ የአውቶቡስ ትከፍላለች፤ ለበዓልና ለክረምት ትመለሳለች። ስልክ ትሞላለች። ሳሙናና ልብስ ትገዛለች። የሕግ ተማሪ ስለሆነች የፍትሐ ብሔሩን፣ የወንጀሉን፣ የሥነ ሥርዓቱን ኮድ ትገዛለች ወይም ኮፒ ታስደርጋለች፤ የሰበር ውሳኔዎችን ታሳትማለች። ምስለ ችሎት ሲደርስ ደንበኛ ሱፍ ትፈልጋለች። በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ስትመላለስ ትራንስፖርት አለ። የምርምር ጽሑፏ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ይህን ሁሉ በወር 3,000 ብር ብለን ብንገምት፣ በአሥር ወር 30,000፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይወጣል። ይህ ገንዘብ በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ከእናት መቀነት፣ ከአባት እቁብ፣ ከአክስት ኪስ የሚወጣ ነው።

ሦስተኛው ወጪ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ባትገባ ኖሮ ምን ትሠራ ነበር? ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካሉት የጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ በወር 6,000 ብር ታገኛለች እንበል። በዓመት 72,000 ነው። በአምስት ዓመት 360,000 ብር ይሆናል። ይህ ያልተቀበለችው ደመወዝ ነው። ከማንም ኪስ አልወጣም፤ ወደ ቤቱም አልገባም። ትንንሽ ወንድሞችና እህቶች ላሉበት ቤት ግን ይህ ቁጥር የቤት ኪራይ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የአስቤዛ ገንዘብ ነው።

ደምሩ። የፈረመችበት 175,000፣ የኪስ 150,000፣ ያልተቀበለችው ደመወዝ 360,000፤ በጠቅላላው 685,000 ብር። ቅጹ ላይ የተጻፈው ከዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ አንድ አስተዋይ አድማጭ "ቆይ እንጂ፤ ቤት ብትሆንስ አትበላም ወይ?" ብሎ ያስቆመኛል። ልክ ነው። ሙሉ ደመወዟን እንደቀረባት ከቆጠርን፣ ከዚያ ደመወዝ ላይ ትበላው የነበረውን ምግብ ሁለት ጊዜ መቁጠር የለብንም። የምግቡን 150,000 እንቀንስ። 535,000 ብር ይቀራል። በሐቅ ከተሰላ የምሳሌያችን ልጅ ሕግ በመማሯ ተጨማሪ የሆነባት ወጪ ይህ ነው። ትልቁ ክፍል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ሳይሆን የአምስት ዓመት ዕድሜዋ ነው። በዚህ ምክንያት ለአንድ የሕግ ተማሪ ከሁሉ ውድ የሆነ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ አንድ ዓመት መድገም ነው እላለሁ። አንድ ዓመት የደገመች ልጅ በዚህ ምሳሌ የ72,000 ብር ደመወዝ፣ የ30,000 ብር የኪስ፣ የ35,000 ብር አዲስ ዕዳ ትጨምራለች።

ደግሞም አምስተኛው ዓመት ሲያልቅ ነገሩ አላለቀም። የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ፤ ከሌሎቹ የትምህርት ክፍሎች ሁሉ ቀድመው ነው። ለሌሎቹ የደረሰው በ2015 ዓ.ም ነው። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም፤ ድጋሚ እስኪፈተን ሥራው ይዘገያል፣ ወራቱም ዋጋ አላቸው። ጥብቅናውም በማግስቱ የሚገኝ አይደለም። የፌዴራል ጠበቆች በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው የሚተዳደሩት፤ ፈቃድ ለማግኘት የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና አለ፤ የሙያ ኃላፊነት መድን ዋስትናም ይጠየቃል። በልደታ በር ያየችው ካባ ከምረቃዋ ቀን ወዲያ ማዶ ነው ያለው። በወጪው ሒሳብ ላይ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ ጨምሩ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ቃል ልመለስ፤ ወለድ የለበትም። ልጅቷ ተመርቃ በወር 12,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ተቀጠረች እንበል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት ግብሯ 2,250 ብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። ኮስት ሼሪንግ 10 በመቶ፣ 1,200 ብር። እጇ የሚገባው 7,710 ብር ነው። ስለዚህ "12,000 ብር እያገኘሁ ዕዳዬን በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ" የሚል ልጅ እጁ የሚገባውን አላሰበም። በ1,200 ብር ሒሳብ 175,000 ብር ለመክፈል 146 ወር፣ ማለትም ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ደመወዟ ባደገ ቁጥር ተቆራጩም ያድጋል፣ ጊዜውም ያጥራል።

አሥራ ሁለት ዓመት ያስደነግጣል። ግን ተረጋጉ። የዛሬ ሐምሳ ብር የዛሬ አሥር ዓመት ሐምሳ ብር አይደለም፤ ይህን ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋ በዓመት በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትከፍለው 1,200 ብር የሚገዛው ዛሬ 460 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከዚያም በላይ የነበረባቸው ዓመታት አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያየነውን አይተናል። ወለድ የሌለበት ዕዳ በእንዲህ ያለ ጊዜ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። አውስትራሊያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ተመራቂው ገቢ ሲኖረው ከገቢው የሚከፍልበትን ሥርዓት ስትጀምር ይህንን አስባበት ዕዳውን ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ እንዲያድግ አድርጋለች። የዚያ ሥርዓት ዋና ነዳፊ የሆነው ብሩስ ቻፕማን ለኢትዮጵያም ጥናት አቅርቦ ነበር። የእኛ ግን ቁጥሩ ባለበት የሚቆም ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ የ5 በመቶውን ቅናሽ ለማግኘት ቀድሞ መክፈል ያዋጣል? በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አስተያየት አለኝ። 35,000 ብር ቀድማችሁ ብትከፍሉ የምታተርፉት 1,750 ብር ነው። ያንኑ ገንዘብ በዓመት 7 በመቶ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ብታስቀምጡት በአንድ ዓመት ብቻ 2,450 ብር ይወልዳል፤ ዕዳው ደግሞ ገና ለብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ገንዘብ ያላችሁ ወላጆች፣ ገንዘቡን ልጃችሁ ከሌላ ቦታ እንዳትበደር አውሉት። ከሁሉም ርካሹን ብድር ለመክፈል ተጣድፋችሁ ውዱን አትበደሩ። አባቶች "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ያሉት ይህን ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮስት ሼሪንጉ ካልተጠናቀቀ ኦሪጂናሉን ዲግሪ አይሰጡም፤ ተመራቂው ለጊዜው "ቴምፖ" በሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ይሠራል። ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ሥራ ኦሪጂናሉ ሲጠየቅ ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያላት ልጅ ያንን ገንዘብ ከወዲሁ ለብቻ ትያዝ። ከደመወዛችሁ በየወሩ መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መደረጉንም በደረሰኝ አረጋግጡ። አሠሪ ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ቤት ማስረጃ ያዙ።

ሁለተኛውን መንገድ ደግሞ እንይ። እዚሁ አዲስ አበባ በግል ኮሌጅ ማታ መማር። በራፖር ቤት ቀን እየተየበ ማታ የሕግ መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት ልደታ ላይ ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም አቤቱታ ሲጽፍ የሚውል ሰው ክፍል ውስጥ ሥነ ሥርዓት ሕግን ከማንም ቀድሞ ይረዳል። ይህ ልጅ ደመወዙ አይቋረጥም። 360,000 ብሩ እጁ ላይ ነው። የሚከፍለው ግን ዛሬ ነው፤ ከምረቃ በኋላ የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 40,000 ብር ነው እንበል። ብዙ ሰው በአምስት አባዝቶ 200,000 ይላል። ኮሌጁ ግን ክፍያ ይጨምራል። በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ ሁለተኛው ዓመት 46,000፣ ሦስተኛው 52,900፣ አራተኛው 60,800 ገደማ፣ አምስተኛው ወደ 70,000 ይደርሳል። ድምሩ 270,000 ብር ግድም ነው። ካልታሰበው 70,000 ብር አብዛኛው የሚመጣው በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ብዙዎች ጫፍ ደርሰው የሚያቋርጡት እዚያ ላይ ነው። ስትመዘገቡ "ዘንድሮ ስንት ነው" ብቻ አትበሉ፤ "ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጨመራችሁ" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም በፊት ኮሌጁ በሕግ ትምህርት ዘርፍ፣ በምትማሩበት ካምፓስና በማታው መርሐ ግብር ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ዕውቅና በሌለው ቤት የተከፈለ ብር ተመልሶ አይመጣም፤ ዓመቱም እንደዚያው።

ያንን 40,000 ከየት እናምጣው? እቁብ አለ። ሃያ ሰው በወር አምስት አምስት ሺህ የሚጥልበት እቁብ 100,000 ብር ይደርሳል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል። ለትምህርት ከሆነ ዕጣው ከምዝገባው ወር ጋር እንዲገጥም የእቁቡን ዳኛ አስቀድሞ ማነጋገር ነው። የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበርም ጥሩ ነው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

የገንዘብ ተቋም ብድር ስትወስዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ አትርሱ። "ወለዱ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?" በሉ። እነሱ ፍላት እና ዲክላይኒንግ ይሉታል። 100,000 ብር በ18 በመቶ ለሦስት ዓመት ተበደራችሁ እንበል። በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ በወር 3,615 ብር ትከፍላላችሁ፤ ጠቅላላ ወለዱ 30,000 ብር ገደማ ነው። በፍላት ከተሰላ ግን በዓመት 18,000፣ በሦስት ዓመት 54,000 ብር ወለድ ይመጣል፤ ወርሃዊው 4,278 ይሆናል። ሁለቱም ወረቀት ላይ "18 በመቶ" ተብለው ነው የሚጻፉት። ዕዳውን ከፍላችሁ እያጋመሳችሁት በእጃችሁ በሌለ ብር ላይ ወለድ ስለምትከፍሉ፣ የፍላቱ 18 በመቶ በእውነተኛ ሒሳብ ከ30 በመቶ በላይ ነው።

አራጣ አበዳሪ ጋ ግን አትሂዱ። 50,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 5,000 ብር ይከፍላል፤ ዓመት ሲሞላ 60,000 ከፍሎ ዋናው 50,000 እንዳለ ይጠብቀዋል። የሕግ ተማሪ ሊሆን የተነሳ ሰው ሕጉን ይወቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2479 መሠረት በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለ50,000 ብር በዓመት 6,000 ማለት ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል።

ዘመድም ቢሆን በቃል ብቻ አትበደሩ። አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። ወረቀቱ በሁለት ምስክር ይፈረም። ይህ ዘመድን አለማመን አይደለም፤ አጎትና የእህት ልጅ ነገ በዚያው በልደታ በር ተቃዋሚ ሆነው እንዳይገናኙ ነው። ለልጅ ብድር ዋስ የምትሆኑ ወላጆችም የዋስትናችሁ ጣሪያ በቁጥር ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና እወቁ፤ አንቀጽ 1922 ነው። ጣሪያው ሳይጻፍ በባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

ውጭ ላሉ አድማጮቻችንም አንድ ቃል። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የምትዘጋጁ የእኛው ልጆች አላችሁ። እዚያ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ለሦስት ዓመት ነው፤ ብድሩም ወለድ አለው፣ ወለዱም መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ 50,000 ዶላር በ8 በመቶ የተበደረች ልጅ በምረቃዋ ቀን 150,000 ሳይሆን 174,000 ዶላር ዕዳ ይዛ ትወጣለች። በአሥር ዓመት ስትከፍለው በወር 2,100 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላው 253,000 ዶላር ይደርሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ የሕግ ተማሪዎች የፌዴራሉን ብድር በዓመት በ50,000፣ በጠቅላላው በ200,000 ዶላር ገድቦታል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ተማሪ ወደ ግል አበዳሪ ይሄዳል፤ እዚያ ዋስ እንዲሆኑ የሚጠየቁት አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ የሚነዳው አባት ወይም ነርሷ እናት ናቸው። ለዚያ ቤተሰብ የማታው ፕሮግራምና ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ዝቅ ያለ ስም ያለው ትምህርት ቤት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ልደታዋ ልጅ ልመለስ። ሒሳቡን ስንሠራ ቆይተን "ታዲያ ትማር ወይስ አትማር?" የምትል እናት ትኖራለች። ትማር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ካገኘች በ175,000ው ብር አትደንግጡ፤ ወለድ የሌለው፣ ገቢ ሲመጣ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ በዚህ አገር ከዚህ የሚሻል ብድር አላውቅም። የምትደነግጡ ከሆነ በኪስ ገንዘቡ ደንግጡ፤ በወር 3,000 ብሩን ለአምስት ዓመት ከየት እንደምታመጡ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ቤቱ ያለ እሷ ደመወዝ እንዴት እንደሚያድር አብራችሁ ቁጠሩ። ምደባው ካልመጣና ማታ የምትማር ከሆነ ደግሞ የአምስተኛውን ዓመት ክፍያ ማየት ሳትችሉ የመጀመሪያውን አትክፈሉ።

ነገ ጠዋት የምትሠሩት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ኮስት ሼሪንግ ፈርማችሁ የተማራችሁ ሁሉ የውሉ ቅጂ ቤት መኖሩን ፈልጉ። ከሌለ ወደተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሂዱና ጠቅላላ ዕዳችሁንና እስካሁን ገቢ የሆነውን በጽሑፍ ጠይቁ። ዘንድሮ የምትገቡት ደግሞ ቅጹን ስትፈርሙ ቁጥሩ ተሞልቶ መሆኑን አይታችሁ ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ለእናታችሁ ስጧት።